ከአየር በላይ አምስት ደቂቃ

ሐምሌ 24

ስልኩ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ኢንተርኔቱ ቀደም ብሎ ነው የጠፋው፤ ያን ጊዜ ለአንድ ሁለት ቀን ነው ብዬ አልተጨነቅሁም ነበር። ደሳለ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባና፣ "እታለም፣ አውሮፕላኑም ቀርቷል። ኤርፖርቱ ተዘግቷል" አለኝ። ላሊበላ እንግዳ ከራቃት ወዲህ ወንድሜ ክፉ ወሬ ሲያወራ እንኳ ፈገግ ይላል። ተናደድኩበት። የመመለሻ ቲኬቴ ለነሐሴ መጀመሪያ ነው።

የመጣሁት አባን ላያቸው ነው። ስኳሩ ዓይናቸውን ጨርሶታል። በድምፄ ለዩኝ፤ ፊቴን በመዳፋቸው ዳሰሱና "ከስተሻል" አሉኝ። አልከሳሁም።

ሐምሌ 28

ስልኩ አሁንም የለም። ማታ ከወደ አሸተን ተራራ ተኩስ ተሰማ። የደሳለ ሚስት የሺሃረግ በሩን በግንድ ደገፈችው።

የሥራ ባልደረባዬ አዳም ምን እየሠራ ይሆን? ከመምጣቴ በፊት ለቡድኑ መሪ ኮሪደር ላይ ሲነግረው ሰምቼዋለሁ፦ "ማኅሌት ብትዘገይም እንጨርሰዋለን።" እንጨርሰዋለን። የመሣሪያው ንድፍ የእኔ ነው።

ነሐሴ 2

አባ ዛሬ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ዕድሜያቸውን በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሲያዜሙ የኖሩ መሪጌታ ናቸውና አጠያየቃቸው ተማሪ እንደሚጠይቁት ነው።

"ይኼ የምትሠሪበት ሮኬት የት ይደርሳል?"

"የትም አይደርስም አባ። ሽቅብ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ምድርን እንኳ አይዞርም።"

"ታዲያ ለምን ይወጣል?"

ነገርኳቸው። ከፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ኤክስሬይ ይመጣል፤ መንገድ ላይ አየር ስለሚውጠው መሬት ሆኖ የሚያየው የለም። ሮኬቱ መሣሪያዬን ከአየር በላይ ያወጣልኛል፤ እዚያ የሚቆየው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ስፔክትሮሜትሩ ጨረሩን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ ይለየዋል። ኮከቡ ሆድ ውስጥ ብረት ይኑር ኦክስጅን ያን ጊዜ ይታወቃል።

"ካወቅሽ በኋላ ኮከቡን ምን ታደርጊዋለሽ?"

"ምንም።"

ሳቁ። "እንግዲያ ጥሩ ሥራ ነው" አሉ። "የሰው ልጅ ምንም የማያደርገው ነገር ነው ንጹሕ ሆኖ የሚቀረው።"

እንዲህ የሚል ሰው ከቡድኔ ውስጥ የለም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የቀረብኝን ስብሰባ አሰብኩ።

መርፌያቸውን የምትወጋቸው የሺሃረግ ናት። መድኃኒቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ጥምቀት ያደርሳል። መብራት ስለማይረጋ በሁለት ማሰሮ መካከል እርጥብ አሸዋ ሞልታ እዚያ ታቀዘቅዘዋለች። እጇ ቀላል ነው ይላሉ አባ። እኔ መርፌ አልደፍርም።

ነሐሴ 7

ስሕተት አለ።

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሠራሁት። ደግሜ ሠራሁት። አለ።

የመሣሪያዬ ዓይን እንዲያይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል። አየር ሙሉ በሆነበት ቮልቴጁ ምንም አይልም። አየር ፈጽሞ በሌለበትም ምንም አይልም። ክፉው ሰዓት በመካከል፣ ጥቂት አየር ሲቀር ነው፤ ያኔ ብልጭ ይልና ዓይኑ ይቃጠላል። ስለዚህ ሮኬቱ ሲወጣ በውስጡ የታፈነው አየር በመተንፈሻ ቀዳዳ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቮልቴጁ ይበራል። የሚበራበትን ሰዓት የወሰንኩት እኔ ነኝ። በሚያዝያ ወር የፀሐይ ብርሃን እንዳይገባ ብለን ቀዳዳውን አጠበብነው። ሰዓቱን ግን አላራቅሁትም። አየሩ ሳይወጣ ይበራል።

ይቃጠላል። ስድስት ዓመት። መስከረም ማብቂያ ላይ ይተኮሳል፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።

እንዴት አላየሁትም? ማንም ጀማሪ የሚያየው ነገር ነው። አዳም ሲያየው ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ነሐሴ 10

ሁለት ሆቴል ሄድኩ። የሳተላይት ስልክ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ አንደኛው ሥራ አስኪያጅ ፊቱ ተለዋወጠ። "እህቴ፣ ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳትደግሚው። እኔንም አንቺንም ያስበላል" አለኝ።

ከፍልሰታ ቅዳሴ ስንወጣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፦ "የመሪጌታ ሰጠኝ ልጅ አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ስልክ ስትጠይቅ ትውላለች።" ዞር ብዬ አየኋት። ነጠላዋን ሳበች።

ነሐሴ 14

ደሳለ ወሬ ይዞ መጣ። ወልድያ ፈይሩዝ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ኢንተርኔት አለ። ፈይሩዝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፤ እሷ ጋ የደረሰ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መልእክቱን ይልከዋል ማለት ነው። ልቤ ዘለለ።

"መንገዱስ?"

"አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ኬላውን ዛሬ የያዘው ነገ አይገኝም። ሁሉም የሚጠረጥረው ግን ወጣት ወንድ ነው" አለ። ከዚያ እየሳቀ፣ "ሴት ብትሄድ ይሻላል። ሴትን ቦርሳዋን ፈትሸው ያሳልፏታል።"

እንዳልሰማ ሆንኩ። እኔ ብሄድ አባን ማን ያያቸዋል?

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። የሺሃረግ እህቷ ወልዳ ልታርሳት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ሄደች። ጥቂት ቀን ትቆያለች። መርፌውን ደሳለ ይወጋል።

ጥሩ ጊዜ ነው።

ነሐሴ 18

አመሻሹ ላይ ለደሳለ ነገርኩት። ባጃጁን እያጠበ ነበር፤ የሚሳፈርበት ሰው የለም፣ ግን በየቀኑ ያጥበዋል። ጉዳዩን ሁሉ አስረዳሁት፤ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ብልጭታው። እጁን በሱሪው እየጠረገ ሰማኝ።

"እታለም፣ ለሮኬቱ ነው?"

"ለሥራዬ ነው። ይኼ ከተቃጠለ ሁለተኛ ማንም አያምነኝም።"

"አባ አይፈቅዱም።"

"መድኃኒት ልታመጣ ነው እንላቸዋለን።"

"መድኃኒት አለ እኮ።"

"አባ አያዩትም" አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ልጅ ሆነን ጥፋት ስሠራ እንደሚያየኝ ነው ያየኝ። ያን ጊዜም ግን ለአባ ተናግሮብኝ አያውቅም። ባልዲውን ደፋና፣ "የሺ እስክትመጣ ልጠብቅ?" አለኝ።

"እሷ ስትመጣ መንገዱ ይዘጋ ይሆናል።"

"እንዳልሽ" አለ።

አላስገደድኩትም። እምቢ ማለት ይችል ነበር።

ነሐሴ 19

ሄደ። እህል ጭኖ በሚወርድ አይሱዙ፣ ከሹፌሩ ጎን። የሺሃረግ እስክትመለስ መርፌውን የጤና ጣቢያው ነርስ መጥቶ ይወጋል። ጠዋት ስንነግራቸው አባ፣ "ይቅር። ያለውን አብቃቅተን እንወጋዋለን። ልጄን በእኔ መርፌ ምክንያት መንገድ አታውጪው" አሉ። አይበቃም አልኳቸው። ሐኪሞቹ ቀን እንዳይታለፍ ብለዋል አልኳቸው። ብዙ ከለመንናቸው በኋላ በመስቀላቸው ባረኩት፤ እጃቸው ራሱን አልፎ አየር ላይ ነበር፤ ደሳለ ጎንበስ ብሎ ራሱን ከእጃቸው ሥር አደረገው።

አይሱዙው ሲነሳ በመስኮቱ ነገርኩት፦ "መልሱን ሳትይዝ እንዳትመለስ።"

ነሐሴ 22

የሺሃረግ ተመለሰች። ደሳለ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ወልድያ፣ የአባን መድኃኒት ሊያመጣ አልኳት። ወደ ማሰሮው ሄዳ ክዳኑን አነሳች። ቆማ አየችው።

"መድኃኒት አለ እኮ፣ እትዬ።"

"አይበቃም።"

"እስከ ጥምቀት ያደርሳል ብለው የነገሩኝ አንቱ ነዎት።"

"ተሳስቼ ነው።"

"አንቱ ስሌት ይሳሳታሉ?" አለች። በቅንነት የጠየቀች ነው የመሰለኝ።

ነሐሴ 24

ከጋሸና የመጡ ሰዎች መንገዱ ከሦስት ቀን ወዲህ ተዘግቷል አሉ። ከወልድያ ሲወጣ ያየው የለም። እዚያው ቢቆይ ይሻለዋል። መልእክቱ ግን በእርግጥ ደርሷል፤ በመጀመሪያው ቀን መድረስ አለበት። ቮልቴጁን በአርባ ሰከንድ ቢያዘገዩት ይበቃል። ከአምስቱ ደቂቃ አርባ ሰከንድ መክሰር ያማል፤ ሁሉን ከመክሰር ግን ይሻላል።

ነሐሴ 26

ደሳለን አመጡት።

ነሐሴ 28

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም አልችልም፤ ግን እጄ ሥራ ይፈልጋል።

ከጋሸና ወዲህ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው የተመታው። በእግሩ ሲመጣ ነበር፤ መኪና ሲያጣ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። ገበሬዎች መንገድ ዳር አግኝተው በቃሬዛ እየተቀባበሉ አመጡት። ከጃኬቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ መድኃኒት ወጣ። በረዶ አድርጎበት ኖሮ ቀልጦ ደረቱን አርሶታል። እውነት መድኃኒት ይገዛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስልኩ ግን የለም። ማን ወሰደው? መልሱ እዚያ ውስጥ ይሆናል።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ጳጉሜን 2

አባ መርፌ እምቢ አሉ። የሺሃረግ ክንዳቸውን ስትይዝ ቀስ ብለው አስለቀቋት። "የልጄን ደም አልወጋም" አሉ።

"ይኼ የቀድሞው ነው አባ፤ ደሳለ ያመጣው አይደለም" አለቻቸው።

"የቀድሞው ቢበቃ ኖሮ ልጄ አይሄድም ነበር።"

የሺሃረግ እኔን አየችኝ። መርፌውን እንደያዘች ነበር። ለቀስተኛ ገባና ተነሳሁ።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ የሚሉ ልጆች የእኛን በር ዘለው አለፉ።

አባ ውኃ ብቻ ይጠጣሉ፤ ይጠጣሉ፣ አይረኩም። ትንፋሻቸው እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስኳሩ ደማቸውን እየመረዘው ነው። ዛሬ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ "አባ፣ ደሳለ የሄደው…" ብዬ ጀመርኩ። "አውቃለሁ ልጄ" አሉና እጄን ያዙኝ። "አንቺም እኔን ብለሽ ነው የላክሽው። አትጸጸቺ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሽማግሌ ነኝ፣ መኖር መውደድ አልነበረብኝም።"

ዝም አልኩ። በዚህ አቅማቸው እውነቱን ቢሰሙ ይብስባቸዋል። ለእሳቸው ብዬ ነው።

መስከረም 6

ሮኬቱ አሁን ማማው ላይ ይሆናል። መልእክቱ ካልደረሰ አዳም ቁልፉን ይጫናል፣ ብልጭ ይላል። በሕልሜ ሁልጊዜ ያው ብልጭታ ነው።

መስከረም 9

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ እፈልግ ነበር።

አባ ዛሬ ሁለት ካህናት አስጠሩ። ከአልጋቸው አንሡኝ አሉ፤ አነሣናቸው። ግቢ ውስጥ ካለው ክምር ድንጋይ ስጡኝ አሉ። አንዱ ካህን ትንሽ መረጡላቸው፤ አባ በእጃቸው መዝነው፣ "ይኼ አይደለም፣ ትልቅ" አሉ። ትልቅ ሰጧቸው። በማጅራታቸው ተሸክመው፣ የሺሃረግ ወደቆመችበት በድምፅ እየተመሩ ሄዱና ተንበረከኩ።

"ልጄ፣ ባልሽን ገድዬብሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

የሰባ ሰባት ዓመት ሰው። ባለ ቅኔ። ድንጋይ ተሸክመው።

የሺሃረግ አልተንቀሳቀሰችም። እሳቸውን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ካህናቱም የእሷን ዓይን ተከትለው እኔን አዩ። አንድ ነገር እንድል የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ምን ልበል? ግቢው ሰው ሞልቶታል።

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ "ይነሡ አባ። ደሳለን የገደለው መድኃኒትዎ አይደለም" አለች።

ወታደሮቹን ወይም ታጣቂዎቹን ማለቷ ይመስለኛል።

ድንጋዩን ከማጅራታቸው ያወረድኩት እኔ ነኝ። አባ፣ "ማን ነው?" አሉ። "ማኅሌት ነኝ" አልኳቸው። "ጎሽ ልጄ። ከልጆቼ አንቺ ቀረሽልኝ" አሉኝ።

የሺሃረግ ማታ ዳግመኛ መርፌውን ይዛ ገባች። "ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ታዲያ ለምን አይወጉም?" አለቻቸው። "አንቺ ይቅር አልሽኝ። እኔ ራሴን አላልኩም" አሉ። ወጥታ ከጓዳ በር ላይ ያዘችኝ።

"እትዬ፣ ይንገሯቸው።"

"ምኑን?"

"የሚያውቁትን። ከአንቱ አፍ ከሰሙ ይወጋሉ። እኔ ብነግራቸው ለማጽናናት ነው ብለው አያምኑኝም።"

"ነገ" አልኳት።

መስከረም 11

ነገ። ዛሬ እንግዳ በዛ።

መስከረም 12

አባ አረፉ። ጎሕ ሲቀድ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሰው አይለዩም ነበር፤ ስለዚህ ብነግራቸውም አይሰሙኝም ነበር።

መስከረም 15

አባን ባረፉበት ዕለት ከደሳለ ጎን ቀበርናቸው። ነአኩቶ ለአብ ዋሻው አፍ ላይ ውኃው ይንጠባጠባል፤ ዜማው መሀል የሚሰማው እሱ ነበር። አንድ ቄስ ለሌላው፣ "በሐዘን ነው የሞቱት፤ ልጃቸው ለመድኃኒት ሄዶ" ሲል ሰማሁ። ይህ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ለአባም ለደሳለም ክብር ያለው ታሪክ ነው። ሌላው ማንን ይጠቅማል?

መስከረም 23

መንገዱ ተከፈተ። ፈይሩዝ ከወልድያ ለለቅሶ መጣች። ገና በሩን ስትገባ አቅፋኝ፣ "አብሽሪ ማሂ፣ አብሽሪ" እያለች አለቀሰች። የሺሃረግ ከአጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ፈይሩዝ የሚሸሸግ ነገር እንዳለ አታውቅም። የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች።

"በደረሰ ዕለት ነው የላክነው። እንዲያውም ሻይ ሳልጋብዘው። መንገዱ ያን ቀን ክፍት ነበር፣ ዛሬውኑ ተመለስ ብዬው ነበር። 'እታለም መልስ ሳትይዝ እንዳትመለስ ብላኛለች' አለ። አደረ።"

ሁለተኛውንም ቀን አደረ። በጠበቀበት ጊዜ ወልድያ ያለውን ፋርማሲ ሁሉ እየዞረ የስኳር መድኃኒት ፈለገ። ፈይሩዝ ለምን ትደክማለህ ብትለው፣ "አባን ለመድኃኒት ነው የምሄደው ብያቸዋለሁ። ባዶ እጄን ከገባሁ ውሸታም እሆናለሁ" አላት።

"መልሱስ?" አልኩ። "መልሱ መጣ?"

"በሦስተኛው ቀን መጣ። አነበብኩለት። ከአንድ አዳም ከሚባል ሰው ነው። 'ይህን በሐምሌ አየር አልባ ክፍል ሙከራ ላይ አግኝተን አስተካክለነዋል፤ ማኅሌት አታስብ፣ ከቤተሰቧ ጋር ትረፍ' ነው የሚለው። ደሳለ ደስ አለው። 'እፎይ ትላለች' ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እስከ ጋሸና በሰው መኪና እገባለሁ፣ ከዚያ በእግሬ ብሎ ወጣ።"

የሺሃረግ ተነሥታ የፈይሩዝን ብርጭቆ ሞላች። "ይጠጡ እንጂ፤ ከሩቅ ነው የመጡት" አለቻት።

ሐምሌ ላይ አግኝተውት ነበር። እኔ ገና ስሌቱን ሳልጀምር።

ጥቅምት 5

ስልኩ ዛሬ ከሰዓት ተከፈተ። መልእክቱ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ከመሥሪያ ቤት፣ ከባንክ፣ ከማላውቀው ሰው። ከሁሉ በፊት የአዳምን ከፈትኩ።

ተኩሰውታል። ሠርቷል። ምስሉን ልኮልኛል፤ ጥቁር ላይ ተሰልፈው የቆሙ ነጫጭ መስመሮች። ኦክስጅን። ኒዮን። ብረት፣ ደብዘዝ ብሎ። ማንም አይቶት የማያውቅ ጥራት ነው። መስመሮቹ ስል ናቸው፣ የእኔ ንድፍ ነው ያን ያደረገው፤ አዳምም አምኗል። "የአንቺ ነው" ብሎ ጽፏል። ስለ ቤተሰቤም ጠይቋል።

ለረጅም ጊዜ አየሁት። ቆንጆ ነው። ቆንጆ መሆኑን መካድ አልችልም።

ጥቅምት 8

አውሮፕላኑ ነገ ነው። ሻንጣዬን ስዘጋ የሺሃረግ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ጥቁሯን ለብሳለች። የተረፈውን መድኃኒት ለጤና ጣቢያው ሰጥታ መምጣቷ ነው።

"ሮኬቱ ወጣ?" አለችኝ። ሮኬት የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

"ወጣ።"

"ከዚያስ?"

"አምስት ደቂቃ ሠራ። ከዚያ ወደቀ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ የገበያ ዋጋ እንደነገርኳት ያህል። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ የአባን አልጋ፣ ደሳለ ጃኬቱን የሚሰቅልበትን ምስማር። ገንዘብ እልክልሻለሁ፣ ቤቱንም ባጃጁንም ውሰጂ አልኳት።

"ሂጂ" አለችኝ። "ሁለተኛ ግን እዚህ እንዳትመጪ።"

አንቺ አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ቀርባ አናግራኝ አታውቅም። መንገዱ ገና ስላልተረጋጋ ለእኔ ፈርታ መሆን አለበት።